ናይጄሪያዊው ለምን ይማረራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የናይጄሪያን ፊልም የምናይ፣ ኳሷን የምንከታተል፣ በዳንጎቴ ሲሚንቶ ቤት የምንሠራ ሰዎች ስለ ፖለቲካዋ ስንናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃናል። «ሀብታም አገር ነበረች፣ ሌቦች በሏት። ሕዝቡም ዝም ብሎ አየ።» ከሁሉ የሚገርመው፣ ናይጄሪያውያን ራሳቸው ሲበሳጩ ስለ ራሳቸው ይህንኑ ይናገራሉ። እኔ ግን ምሬታቸው ከስንፍናም ከድንቁርናም የመጣ አይመስለኝም። ሂሳቡን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ የሚያወራርድበት መስኮት ግን የተዘጋበት ሰው ምሬት ነው። የተለመዱትን አባባሎች እያነሳሁ ምክንያቴን ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሕዝቡ የጫኑትን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ነው»

በ1929 የደቡብ ምሥራቅ ሴቶች የቅኝ ገዢዎቹን ግብርና የሾሟቸውን ባላባቶች ተቃውመው ሲነሱ ከ50 በላይ የሚሆኑት በጥይት ወድቀዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአቤኦኩታ ሴቶች በፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ መሪነት በሴቶች ላይ የተጣለውን ግብር ተቃውመው ተነሱ፤ ንጉሡም በ1949 ዙፋናቸውን ለቀው ወጡ። በጃንዋሪ 2012 የጉድላክ ጆናታን መንግሥት የነዳጅ ድጎማ ሲያነሳ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአንድ ሌሊት ከ65 ናይራ ወደ 141 ናይራ ዘለለ። አገሪቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ሥራ አቆመች፤ መንግሥትም ዋጋውን ወደ 97 ናይራ መለሰ።

እንግዲህ ዝም ያለ ሕዝብ የለም። ዝም ላለማለት የሚከፈለው ዋጋ ግን እየከበደ ሄዷል። በኦክቶበር 2020 ሳርስ የተባለው የፖሊስ ልዩ ቡድን እንዲፈርስ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ መንግሥት ቡድኑን በቀናት ውስጥ አፍርሻለሁ አለ። በዚያው ወር በ20ኛው ቀን ምሽት ደግሞ በሌጎስ የሌኪ የክፍያ ኬላ በተቀመጡት ሰልፈኞች ላይ ወታደሮች ተኮሱ። የሌጎስ ግዛት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ሰዎች መገደላቸውን ሲዘግብ፣ ያቋቋመው መንግሥት የግኝቱን ዋና ክፍል አልቀበልም አለ። በኦገስት 2024 በኑሮ ውድነት ምክንያት ለአሥር ቀናት የተጠራው ሰልፍ ካለፈ በኋላ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ አቡጃ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከቀረቡት ተከሳሾች መካከል በአገር ክህደት የተከሰሱ፣ በእስር የከሱ ልጆች ነበሩበት። ጥቂቶቹ እዚያው ችሎት ፊት ወደቁ። ፕሬዚዳንቱ እንዲለቀቁ ያዘዙት ምስሉ አገሩን ካዳረሰ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ ልጇን ከሰልፍ የምታስቀር እናት ፈሪ ትባል ይሆን?

«ድምፅ የማይሰጡት ስለማይገዳቸው ነው»

የፌብሩዋሪ 2023 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቁጥሮች በእርግጥ ያስደነግጣሉ። ከተመዘገቡት 93 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድምፅ የሰጡት 27 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከ1999 ወዲህ ዝቅተኛው ነው። አሸናፊው ቦላ ቲኑቡ 8.8 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ፤ ይህም ከተመዘገበው መራጭ ከአሥር አንዱን እንኳን አይሞላም።

ግድየለሽነት ቢሆን ኖሮ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በመመዝገቢያ ጣቢያዎች ያ ሁሉ ወረፋ ባልታየ ነበር። ከአዳዲሶቹ ተመዝጋቢዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ታዲያ በመካከሉ ምን ሆነ? መጀመሪያ የገንዘብ ኖት ተቀየረ። ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ማዕከላዊ ባንኩ የ200፣ የ500 እና የ1,000 ናይራ ኖቶችን ሲለውጥ አዲሱ ገንዘብ ጠፋ፤ ሰው የራሱን ተቀማጭ ለማውጣት በባንክ በር ላይ ይተኛ ጀመር። ቀጥሎ መራጩ የተመዘገበበት ጣቢያ ድረስ መሄድ አለበት፤ በምርጫው ዕለት ግን የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ይታገዳል። ከተማ ቀይሮ ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን በቂ መሰናክል ነው። መዝገቡም ራሱ የሞቱትንና የተሰደዱትን በአግባቡ ስላልቀነሰ መቶኛው ከእውነቱ ሳያንስ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የቃል መፍረስ ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ የየጣቢያው ውጤት እዚያው ፎቶ ተነሥቶ ወዲያውኑ በድረ ገጽ ላይ እንደሚወጣ ለወራት ሲናገር ቆይቶ ነበር። ዜጎች ቆጠራው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ፤ የውጤት ወረቀቱን በስልካቸው አነሱ። የፕሬዚዳንቱ ውጤት ግን በተባለው ሰዓት አልወጣም፤ ኮሚሽኑም የቴክኒክ ችግር ነው አለ። ክርክሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር የቲኑቡን አሸናፊነት አጸና። መራጩ የዳኞቹን ወንበር ከዚያ በፊትም ያውቀዋል። በጃንዋሪ 2020 ይኸው ፍርድ ቤት የኢሞ ግዛትን ገዢ አንሥቶ በምርጫው አራተኛ የወጣውን ሰው ሾሟል። አራተኛ! በዚያ ግዛት ድምፅ ሰጥቶ የነበረ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ቤቱ ቢቀር እኔ ግድየለሽ አልለውም።

«ሁሉም የሚመርጠው ጎሳውንና ሃይማኖቱን ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። በጁን 12 ቀን 1993 ምርጫ ከደቡብ ምዕራብ የመጡት ዮሩባው ሞሹድ አቢዮላ ከሰሜን የመጡትን ባሽር ቶፋን በገዛ ግዛታቸው በካኖ አሸነፏቸው። አቢዮላም ምክትላቸውም ሙስሊሞች ነበሩ፤ ብዙ ክርስቲያኖች ግን መረጧቸው። ውጤቱን የሰረዘው መራጭ ሳይሆን የኢብራሂም ባባንጊዳ ወታደራዊ መንግሥት ነው። አቢዮላ ታስረው ቆይተው በ1998 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ።

በ2023ም ቢሆን በዮሩባ ምድር ያለችውን ሌጎስን እንመልከት። ዮሩባው ቲኑቡ የግዛቲቱ ገዢ ከነበሩበት ከ1999 ጀምሮ የእርሳቸው ሰዎች ከመንበሩ ወርደው አያውቁም። በፌብሩዋሪ ግን ከደቡብ ምሥራቁ የኢግቦ ሕዝብ የሆኑት ተፎካካሪያቸው ፒተር ኦቢ ከአሥር ሺህ በማይሞላ ድምፅ ብልጫ ሌጎስን ወሰዱባቸው። የተሰናባቹ ፕሬዚዳንት የሙሐመዱ ቡሃሪ ትውልድ ግዛት ካትሲናም ለተቃዋሚው አቲኩ አቡበከር ሆነች። ጎሳ ብቻውን ሁሉን የሚወስን ቢሆን ቢያንስ የሌጎስ ውጤት ሊሆን አይችልም ነበር።

ግማሹ እውነት የመጣው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በማርች 18 የግዛት ምርጫ በሌጎስ ኢግቦ የሚመስል ሁሉ በምርጫ ጣቢያዎች በር ላይ ተንገላታ፤ ዛቻውም በግልጽ ተሰማ። እንግዲህ ጎሳ የተጠራው መራጩ ከተባለለት መስመር ሲወጣ ነው። በዚያ ላይ ሥርዓቱ ራሱ ጎሳን ያስከፍላል። አንድ ሰው በተወለደበት ከተማ ዕድሜውን ቢኖር እንኳ አባቱ ከሌላ ግዛት ከመጡ «የግዛቱ ተወላጅ» አይባልም፤ ለሥራ፣ ለትምህርት ዕድል፣ ለሹመት የሚጠየቀው ወረቀትም ያንን ነው። ዜጋው ከጎሳው መውጣት ቢፈልግ እንኳ ቢሮው ወደ ጎሳው ይመልሰዋል። ይህን እኛ ለማስረዳት ብዙ ምሳሌ የምንፈልግ ሕዝብ አይደለንም።

«የነዳጅ ድጎማን የሚቃወሙት ኢኮኖሚ ስለማይገባቸው ነው»

ቲኑቡ በሜይ 29 ቀን 2023 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ንግግር ድጎማው አብቅቷል አሉ። በቀናት ውስጥ 190 ናይራ ገደማ የነበረው ቤንዚን ወደ 500 አለፈ፤ በ2024 መጨረሻ ከ1,000 ናይራ ዙሪያ ደረሰ። በጁን 2023 ደግሞ ናይራ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ አንድ ዶላር ከ460 ናይራ ገደማ ተነሥቶ በ2024 ከ1,500 በላይ ሆነ። የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 ከተለቀቀ በኋላ ገበያ የወጣ አንባቢ ስሜቱን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ባለሙያዎቹ የሚሉት ስህተት የለበትም። ርካሹ ቤንዚን በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገሮች ይፈስ ነበር፤ ከአንድ ደሃ ይልቅ ሦስት መኪና ያለው ሰው ይጠቀም ነበር። ሕዝቡም ይህን ያውቃል። የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። በ2012 የተወካዮች ምክር ቤት ባደረገው ምርመራ፣ ጥቅም ላይ ላልዋለ ነዳጅ ገንዘብ ሲከፈል እንደነበር ተገለጠ፤ አገሪቱ በቀን 35 ሚሊዮን ሊትር ስትጠቀም የተከፈለው ለ59 ሚሊዮን ሊትር ነበር። ምርመራውን የመሩት የምክር ቤት አባል ፋሩክ ላዋን ደግሞ ከተመርማሪ ነጋዴ ጉቦ በመቀበል በ2021 ተፈረደባቸው። ታዲያ «ድጎማው ሌቦችን ይጠቅም ነበር» የሚለው ባለሥልጣን ሲመጣ፣ ሰሚው «ሌቦቹን ተዋችሁና ድጎማውን አሰራችሁት» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ደግሞም ቤንዚን ናይጄሪያ ውስጥ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 5,000 ሜጋ ዋት ነው፤ የህዳሴ ግድብ ብቻውን የተተከለለት አቅም ከዚህ ይበልጣል። በ2024 ብቻ መስመሩ በአገር ደረጃ ደጋግሞ ወድቋል። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዓሣ አቀዝቅዛ የምትሸጠው ሴት፣ ሁሉም በሕዝቡ ዘንድ «ከጎረቤቴ እሻላለሁ» የሚል ቅጽል የወጣላት ትንሽ ጄኔሬተር አለቻቸው። የቤንዚን ዋጋ የመብራታቸው ዋጋ ነው። ወደ ሥራ የሚያደርሳቸው ቢጫ ሚኒባስና ባጃጅም በእርሱ ይሄዳል። በ2024 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ30,000 ወደ 70,000 ናይራ ሲያድግ፣ ጭማሪው ስንት ሊትር እንደሚገዛ ማንም ሰው ወረቀት ሳይዝ ያሰላው ነበር።

«ሌብነቱ ቢቀር እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በበለጸጉ ነበር»

ይህን ብዙ ናይጄሪያውያንም ያምኑታል፤ ስሌቱ ግን አይወጣም። ናይጄሪያ በቀን 1.5 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ብታወጣ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት የሚደርሰው ሁለት በርሜል ተኩል ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ይህ ከዘጠና በርሜል ይበልጣል። ነዳጁ ሳይሰረቅ ቢከፋፈል እንኳ ማንንም ሀብታም አያደርግም። ገዢዎችን ግን ሕዝቡን ከመለመን ያድናል፤ ዋናው ጉዳቱም እርሱ ነው።

«ጥፋቱ ሁሉ አቡጃ የተቀመጠው ሰው ነው»

ፕሬዚዳንት መርገም ቀላል ነው፤ ሁሌም በቴሌቪዥን ይታያሉ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የገበያው መንገድ ግን በአብዛኛው የእርሳቸው ሥራ አይደለም። ከፌዴሬሽኑ የጋራ ገቢ ለፌዴራል መንግሥቱ የሚሄደው 52 በመቶ ተኩል ያህል ነው፤ የቀረው ለ36ቱ ግዛቶችና ለ774ቱ የአካባቢ መስተዳድሮች ይከፋፈላል። የመስተዳድሮቹ ድርሻ ደግሞ ለዓመታት በግዛት ገዢዎች እጅ በሚያልፍ የጋራ ሂሳብ ውስጥ ሲቀር ኖሯል። የአካባቢ ምርጫ የሚያካሂደው ኮሚሽን በገዢው የሚሾም ስለሆነ የገዢው ፓርቲ ወንበሩን ሁሉ ጠርጎ ሲወስድ ማየት የተለመደ ነው። ምርጫውም ቀርቶ የአደራ ኮሚቴ የሚሾምበት ጊዜ ብዙ ነው። በጁላይ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ በቀጥታ ለተመረጡ መስተዳድሮች ይድረስ ብሎ ፈረደ። ብዙ ግዛቶች ቸኩለው ምርጫ አደረጉ፤ ያሸነፈውም ያው የገዢው ፓርቲ ሆነ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 308 መሠረት ደግሞ ገዢው በሥልጣን ላይ እያለ በወንጀል አይከሰስም።

«ሌብነት ባህላቸው ነው»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ይዘን ሰውን በባህሉ መውቀስ ያሳፍራል። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮና የተባበሩት መንግሥታት በ2023 ባካሄዱት ጥናት፣ ጉቦ ከተጠየቁት ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ አንከፍልም ብለዋል። ችግሩ እምቢ ባዩን የሚያግዝ መጥፋቱ ነው። የዴልታ ግዛት ገዢ የነበሩት ጄምስ ኢቦሪ በ2009 አሳባ በተቀመጠ ችሎት ከ170 ክሶች ነጻ ወጡ፤ በ2012 ለንደን ላይ ግን ራሳቸው ጥፋተኛ ነኝ ብለው 13 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2018 ተፈርዶባቸው የነበሩ ሁለት የቀድሞ ገዢዎች፣ ጆሹዋ ዳሪዬና ጆሊ ኒያሜ፣ በ2022 ይቅርታ ተደረገላቸው።

«ግብር ሳይከፍሉ ምን ያማርራቸዋል?»

በወረቀት ላይ የናይጄሪያ መንግሥት ከኢኮኖሚው መጠን ጋር ሲነጻጸር የሚሰበስበው ግብር ከዓለም ዝቅተኞቹ አንዱ ነው። ሰውየው ግን ይከፍላል፤ ደረሰኝ ሳያገኝ። የውኃ ጉድጓዱን ራሱ ያስቆፍራል፣ መብራቱን በጄኔሬተር ያመነጫል፣ ለሰፈሩ ጥበቃ ያዋጣል፣ ልጁን በግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። የሚኒባስ ሾፌሩ በየመናኸሪያው ለማኅበሩ ጎረምሶች፣ ነጋዴዋ በየጠዋቱ ለገበያ አስከፋዩ ይሰጣሉ። አንድ ቤተሰብ የመንግሥትን ሥራ በራሱ ገንዘብ ሲሠራ ኖሮ፣ ግብር አልከፈልክም ሲባል የሚሰማውን ቁጣ መገመት አያዳግትም።

በጁን 2025 የተፈረሙት የግብር ሕጎች ከ2026 ጀምሮ በዓመት እስከ 800,000 ናይራ የሚያገኙትን ከገቢ ግብር ነጻ አድርገው ከሌላው የተሻለ ለመሰብሰብ ያቅዳሉ። መንግሥቱ ከነዳጅ ይልቅ ከሰው ኪስ ለመኖር ሲዘጋጅ፣ ቀድሞ ያልነበረበት ችግር ይጠብቀዋል። ኪሱን የሚከፍተው ሰው ጉድጓዱን ያስቆፈረበትን፣ ጄኔሬተሩን የገዛበትንና ለጥበቃ ያዋጣውን ገንዘብ ከአፉ ላይ እየቆጠረ ይነግረዋል።