«ፕሬሉዱ ለስሜት፣ ፊውጉ ለሒሳብ» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

«ፕሬሉዱ ደስ ይላል፤ ፊውጉ ግን ሒሳብ ነው።» ተማሪ ሲለኝ እታገሣለሁ፤ ወላጅም ሲለኝ እንዲሁ። ፒያኖ አስተማሪ ሲለው ግን አልችልም! ፕሬሉድ ከፊውግ በፊት የሚጫወቱት መግቢያ ቁራጭ ነው፤ ፊውግ ደግሞ አንድን አጭር ዜማ ብዙ «ድምፆች»፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የዜማ መስመሮች፣ ተራ በተራ እየተቀባበሉት የሚሠራ ሙዚቃ ነው።

እስቲ «ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር» የተባለውን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን ሥራ፣ የ1722ቱን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ግለጡ፤ በእያንዳንዱ የሙዚቃ ቅኝት አንድ ፕሬሉድና አንድ ፊውግ ተጣምረውበታል። ሲ ማይነር በተባለው ቅኝት ያሉትን ጥንዶች ተመልከቱ። ፕሬሉዱ ሁለቱንም እጅ ያለ ዕረፍት ያስሮጣል፤ ቁጡ ነው። ወደ መጨረሻው ኖታው ላይ ፕሬስቶ (በጣም ፈጣን)፣ ከዚያ አዳጆ (ዝግ ያለ)፣ ከዚያ አሌግሮ (ፈጣን) ተጽፏል። ፊውጉስ? መካከለኛው ድምፅ አጭር ዜማ ብቻውን ይጀምራል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ተራ በተራ ይቀበሉታል። ዜማው ቀልደኛ ነው፤ እግር ያነቃንቃል። ሒሳቡ የቱ ጋ ነው? እንዲያውም ያው ቅርጽ እየተመላለሰ የሚደጋገመው ፕሬሉዱ ውስጥ ነው፤ እሱን ግን ሒሳብ የሚለው የለም።

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የፕሬሉዱን ቁጣ እንደያዘ ፊውጉ ውስጥ ገባ። ዜማው በመጣ ቁጥር ቁልፎቹን ይደበድባል። «ተወውና ዝፈነው» አልኩት። ሲዘፍነው ሣቁ መጣ፤ እጁም ቀለለ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው አጥኑ፤ በተለይ መካከለኛውን፣ ሁለቱ እጆች ስለሚከፋፈሉት ቶሎ ይጠፋል። ከዚያ ሁለቱን ተጫወቱ፣ ሦስተኛውን ዝፈኑ። ዜማው በገባ ቁጥር «ይኸው መጣ!» ማለት አያስፈልግም፤ አድማጩ መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሰምቶታል። ፕሬሉዱ እንዳለቀ እጃችሁን አንሡ፤ የፊውጉ ዜማ በውስጣችሁ ሳይሰማ አትጀምሩ።

«ፕሬሉዱና ፊውጉ፣ ጥንዶቹ፣ ሁልጊዜ ተቃራኒ ናቸው» የሚሉም አሉ። የዚያው መጽሐፍ ቢ ፍላት ማይነር ከፕሬሉዱ እስከ ባለ አምስት ድምፁ ፊውግ ድረስ ሐዘኑን አይለቅም።

«ፕሬሉድ ጣት ማሟሟቂያ ነው።» ፈረንሳዊው አቀናባሪ ጉኖ የዚያኑ መጽሐፍ የሲ ሜጀር ፕሬሉድ ወስዶ ነው ዜማ የደረበበት፤ ዛሬ «አቬ ማሪያ» በተባለው መዝሙርነቱ ዓለም ያውቀዋል። ማሟሟቂያ ይሉታል እንግዲህ!

«ባኽ ለፒያኖ ጻፈው።» አልጻፈውም። በጊዜው በየቤቱ የነበሩት ሃርፕሲኮርድና ክላቪኮርድ የተባሉት የቆዩ ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች ናቸው። በፒያኖ መጫወቱ ነውር የለውም፤ ድምፁን የሚያስረዝመውን የእግር ፔዳል ብቻ ቆጠብ አድርጉ።

«ፊውግ ከባኽ ጋር ተቀብሯል።» ሩሲያዊው አቀናባሪ ሾስታኮቪች በ1950 እና በ1951 ሃያ አራት ጥንድ ፕሬሉድና ፊውግ ጽፏል። ኤ ሜጀሩን ፊውግ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ አንድም የሚጋጭ ድምፅ የለበትም። ከዚያ ደረቅ ነው በሉኝ።