የአርሰናል አጥቂዎችና የኮንትራት ድርድር

ኮከብ አጥቂን በውል አስሮ ማቆየት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ብዙ ክለቦችን ፈትኗል። የአርሰናልን ያህል ደጋግሞ በአደባባይ የተፈተነ ግን ጥቂት ነው። ከ2006 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰሜን ለንደኑ ክለብ ከቲዬሪ ሄንሪ፣ ከሮቢን ቫን ፐርሲ፣ ከቲዮ ዋልኮት፣ ከአሌክሲስ ሳንቼዝ፣ ከፒየር ኤምሪክ ኦባሚያንግና ከቡካዮ ሳካ ጋር ለውል ተደራድሯል። ግማሾቹ ፈርመው ቆዩ፣ ግማሾቹ ወደ ተቀናቃኝ ሄዱ፣ ፈርመውም ውላቸውን ሳይጨርሱ የተለዩ አሉ። ታሪኩን ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ደጋፊው የሚያለቅሰው ተጫዋቹ በተሸጠበት ቀን ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ውሉ ሁለት ዓመት ሲቀረው ድርድሩ ሳይቋጭ በታለፈበት ክረምት ነው።

የውል ሰዓት

የዚህ ሁሉ መነሻ ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ነው። በሊዬዥ የነበረው ውል አብቅቶ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ሲል ክለቡ አለቅም አለው፤ እሱም ፍርድ ቤት ሄደ። የአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15፣ 1995 በሰጠው ውሳኔ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ ምንም የዝውውር ክፍያ መሄድ እንደሚችል ደነገገ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተጫዋች ውሉ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ አገር ክለብ ጋር ቅድመ ስምምነት መፈረም ይችላል።

ስለዚህ የውሉ ጊዜ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ከክለቡ ወደ ተጫዋቹ ይሸጋገራል። አራት ዓመት የቀረው አጥቂ ልሂድ ቢል ክለቡ ዋጋውን ይቆርጣል። ሁለት ዓመት ሲቀረው ሁለቱም እኩል ናቸው። አንድ ዓመት ሲቀረው ክለቡ ያለው ምርጫ በቅናሽ መሸጥ ወይም ዓመቱን አጫውቶ በባዶ እጅ መሸኘት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚነሳው ሳምንታዊ ደመወዝ ብቻ አይደለም። የፊርማ ጉርሻ፣ የግብ ጉርሻ፣ የምስል መብት፣ የወኪሉ ድርሻ፣ የውሉ ዕድሜ ሁሉም ይቆጠራሉ። በሳምንት 300 ሺህ ፓውንድ የሚከፈለው ተጫዋች በዓመት 15.6 ሚሊዮን ይወስዳል፤ በአራት ዓመት ከ62 ሚሊዮን ያልፋል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ አጥቂ ይህን ሁሉ መፈረም ለክለብ ከባድ ውሳኔ ነው።

አርሰናል ላይ ሸክሙን ያከበዱት ሁለት የራሱ ጉዳዮች ነበሩ። የመጀመሪያው ስታዲየሙ ነው። ሃይበሪ የሚይዘው ከ38 ሺህ ብዙም ያልበለጠ ሰው ስለነበር ክለቡ በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ 60 ሺህ ሰው የሚይዘውን ኤምሬትስ ሠርቶ በ2006 ገባበት። ዕዳው ለዓመታት እጁን አሰረው። ሁለተኛው የአሰልጣኝ አርሰን ቬንገር አያያዝ ነው። ቬንገር በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ የደመወዝ ልዩነት እንዳይሰፋ ይጠነቀቁ ነበር፤ ሠላሳ ላለፋቸው ተጫዋቾችም በልማዳቸው ከአንድ ዓመት በላይ አይሰጡም ነበር። ሮበር ፒሬስ በ2006 በነፃ ወደ ቪያሪያል የሄደው ክለቡ ከአንድ ዓመት በላይ አልጨምርም ስላለው ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሌላው ክለብ ከጎን እጥፍ ይዞ ሲመጣ ግን መከላከያ አልሆነም።

ሄንሪ፦ የተሳካው ፊርማ

ሜይ 17፣ 2006 አርሰናል በፓሪሱ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በባርሴሎና 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሄንሪ ወደ ባርሴሎና ይሄዳል የሚለው ወሬ ወራት ያስቆጠረ ስለነበር የዚያን ሌሊት የመጨረሻ ጨዋታው መስሎ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የአራት ዓመት ውል ፈረመ። ከኢያን ራይት የ185 ግቦች ክብረ ወሰን ያለፈው የክለቡ የምንጊዜም ግብ አግቢ ቀረ ማለት ነው።

የቀረው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2007 ክረምት በ24 ሚሊዮን ዩሮ ወደዚያው ባርሴሎና ተሸጠ። ቢሆንም ክለቡ የሸጠው ሦስት ዓመት ውል የቀረውንና ጉዳት ያደከመውን የ29 ዓመት አጥቂ ነበርና ዋጋውን ያወጣው ያ ፊርማ ነው። ይህ 29 ዓመት የሚባል ዕድሜ ለአርሰናል ዕድል የለውም። ሄንሪ፣ ቫን ፐርሲና ሳንቼዝ ሦስቱም ክለቡን ሲለቁ 29 ዓመታቸው ነበር።

ቫን ፐርሲ፣ ክረምት 2012

ከሁሉም ይበልጥ ያቆሰለው ይኸኛው ነው። ቫን ፐርሲ በ2004 ከፌይኖርድ የመጣው በ2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ግራ እግሩ ወርቅ ነው፤ ሰውነቱ ግን ተሰባሪ ሆኖ ቆየ። በኖቬምበር 2009 ለኔዘርላንድስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ አምስት ወር ያህል ከሜዳ ራቀ። ክለቡ ታገሠው፣ ደመወዙን ከፈለ፣ አሳከመው። በ2011 ክረምት ሴስክ ፋብሬጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ውሉ አንድ ዓመት የቀረው ሳሚር ናስሪ ደግሞ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሄዱ የአምበልነቱ ጨርቅ ክንዱ ላይ ታሠረ።

በዚያን ጊዜ የቫን ፐርሲ ውል ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። መፈረም የነበረበት ያኔ ነው። ክለቡ ግን የናስሪንና የፋብሬጋስን እሳት ሲያጠፋ የአምበሉን ውል ሳይቋጭ የውድድር ዓመቱ ገባ። ቫን ፐርሲም በሕይወቱ ካሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ የላቀውን አሳለፈ። በሊጉ 38ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ 30 ግብ አገባ፣ በሁሉም ውድድር 37፤ ተጫዋቾቹም ጋዜጠኞቹም የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። እያንዳንዱ ግብ ቡድኑን ሲያሻግር የድርድሩን ዋጋ አብሮ ከፍ አደረገው።

ውድድሩ እንዳለቀ በሜይ አጋማሽ ከቬንገርና ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ኢቫን ጋዚዲስ ጋር ተቀመጠ። ጁላይ 4፣ 2012 በራሱ ድረ ገጽ ባወጣው መግለጫ ውሉን እንደማያራዝም አሳወቀ። ምክንያቱን ከገንዘብ አላያያዘውም፤ ክለቡ ወደፊት በሚሄድበት መንገድ ላይ ከአመራሩ ጋር አልተስማማሁም ነው ያለው። አርሰናል ከ2005ቱ የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) በኋላ ዋንጫ አላነሳም ነበርና ደጋፊው ቢናደድም ሙሉ በሙሉ ሊያስተባብለው አልቻለም። በማግስቱ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ የነበረው አሊሸር ኡስማኖቭ ለቦርዱ የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ወጣ። የክለቡን የገንዘብ አያያዝ የሚነቅፍ ነበርና የአንድ አጥቂ ውል የባለቤቶች ጠብ ማሳያ ሆነ።

እንደ እኔ ግምት መግለጫው በአደባባይ ከወጣ በኋላ አርሰናል የመደራደር አቅም አልቀረውም። ገዢው ሁሉ ልጁ አንድ ዓመት እንደቀረውና እንደማይፈርም ያውቃል። ኦገስት 15 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ስምምነት መደረሱ ተነገረ፤ ዋጋው ከተጨማሪው ጋር 24 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በእኛ ነሐሴ 9፣ 2004 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በፍልሰታ ጾም መካከል። ከሦስት ቀን በኋላ አርሰናል የሊጉን መክፈቻ በሜዳው ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወት ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት በዝናቡ ምክንያት ተጨናንቆ ነበር። አንድ ልጅ የ10 ቁጥሩን ማሊያ ለብሶ መጣ፤ ከጀርባው ያለውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ማንም አላሾፈበትም። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ከዚያ ቤት የወጣነው ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘን ነበር፤ አሁን ማን ነው የሚያገባልን?

ሕመሙ በዚያ አላበቃም። ቫን ፐርሲ ለዩናይትድ በሊጉ 26 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ኤፕሪል 22፣ 2013 አስቶን ቪላ ላይ ሦስት ግብ አግብቶ የክለቡን 20ኛ የሊግ ዋንጫ አረጋገጠ። በስድስተኛው ቀን ዩናይትድ ወደ ኤምሬትስ መጣ። በእንግሊዝ ልማድ ሻምፒዮን ለሆነው ቡድን ተጋጣሚው በሁለት ረድፍ ቆሞ ያጨበጭባል፤ የአርሰናል ተጫዋቾችም የትናንት አምበላቸው በመካከላቸው ሲያልፍ አጨበጨቡ። ዋልኮት በሁለተኛው ደቂቃ ቢያገባም ከዕረፍት በፊት ቫን ፐርሲ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። ግቡን አልጨፈረበትም።

ዋልኮት ራሱ በዚያው የውድድር ዓመት ውሉ ስድስት ወር እስኪቀረው ደርሶ ነበር። የመሐል አጥቂ ሆኜ ልጫወት የሚለው ጥያቄም ከገንዘቡ ጋር ተያይዞ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ፈረመ። ክለቡ በቫን ፐርሲ ከደረሰበት በኋላ ሌላ ስም ለማጣት አልደፈረም።

ሳንቼዝ፣ ልውውጡ

ትምህርት የተወሰደ መስሎ ነበር፤ አልተወሰደም። በ2014 ከባርሴሎና የመጣው ቺሊያዊው አሌክሲስ ሳንቼዝ በ2016/17 በሊጉ 24 ግብ አገባ። ቡድኑ ግን አምስተኛ ወጥቶ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቻምፒየንስ ሊግ ወጣ። የሳንቼዝም የጀርመናዊው አማካይ የመሱት ኦዚልም ውል በአንድ ቀን፣ በ2018 ጁን መጨረሻ የሚያልቅ ነበር። ሁለት ትላልቅ ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ የመጨረሻ ዓመት ላይ ማድረስ ስህተት መሆኑን የማይረዳ የለም። አንዱ የጠየቀውን ሌላው ይሰማል፣ ወኪሎቹም አንዱ የሌላውን ዋጋ መነሻ ያደርጋሉ።

ኦገስት 31፣ 2017 የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ ማንቸስተር ሲቲ እስከ 60 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። አርሰናል ሊሸጥ የተስማማው የሞናኮውን ቶማስ ሌማር ምትክ አድርጎ ካገኘ ብቻ ነበር። ሌማር በዚያ ምሽት ለፈረንሳይ ኔዘርላንድስን ሲገጥም ሁለት ግብ አገባ፤ ወደ ለንደን ግን አልመጣም። ሽያጩም ፈረሰ። ሳንቼዝ ልቡ ሄዶ እግሩ ቀረ።

ጃንዋሪ 22፣ 2018 ከዩናይትዱ ሄንሪክ ሚኪታሪያን ጋር ተለዋወጠ፤ በመካከል የዝውውር ገንዘብ አልተከፈለም። ኦዚል ከቀናት በኋላ በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንደሆነ በተዘገበ ደመወዝ ፈረመ፤ የቬንገር የደመወዝ ሚዛን በዚያ ፊርማ ተሰበረ። ለሳንቼዝም ሽግግሩ አልበጀውም፣ በዩናይትድ በ45 ጨዋታ ያገባው አምስት ግብ ብቻ ነው።

ኦባሚያንግ፦ ፈርሞም የሄደው

በዚያው ጃንዋሪ መጨረሻ አርሰናል ኦባሚያንግን ከዶርትሙንድ በክለቡ ክብረ ወሰን 56 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በ2018/19 በ22 ግብ ከመሐመድ ሳላህና ከሳዲዮ ማኔ ጋር የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢ ሽልማት፣ የወርቅ ጫማውን፣ ተጋራ። በ2020 የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ በሲቲ ላይ ሁለቱንም ግብ፣ በፍጻሜው ቼልሲ ላይ ሁለቱንም ግብ አገባ። በባዶ ስታዲየም ዋንጫውን ሲያነሳ ውሉ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። የኮሮናው ወረርሽኝ ገቢውን የቆረጠበት ክለብ በዚያው ወር 55 ሠራተኞች ሊቀንስ መሆኑን አስታውቋል። እንዲያም ሆኖ ሴፕቴምበር 15፣ 2020 የ31 ዓመቱ አምበል የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ሳንቼዝን በዚያ መልክ ያጣ ደጋፊ ዕለቱን እንደ በዓል ነው ያሳለፈው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው የውድድር ዓመት የሊግ ግቡ ከ22 ወደ 10 ወረደ። በዲሴምበር 2021 ከተፈቀደለት የውጭ ጉዞ ዘግይቶ በመመለሱ አሰልጣኙ ሚኬል አርቴታ አምበልነቱን ገፈፈው። በፌብሯሪ 2022 መጀመሪያ ውሉ በስምምነት ተቋርጦ በነፃ ባርሴሎና ገባ። ቫን ፐርሲን ያለመፈረም ምን እንዳስከተለ የሚያነሳ ሰው ይህንንም አብሮ ሊያነሳ ይገባል፤ ዘግይቶ በድንጋጤ የተፈረመ ውልም ያከስራል።

ወጣቶቹ

አርቴታና በወቅቱ የስፖርት ዳይሬክተር የነበረው ኤዱ የተከተሉት መንገድ የዕድሜውን ስሌት ቀየረ። ሠላሳ የተጠጋውን በውድ ከማቆየት ይልቅ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለውን ማሰር ነው። አሌክሳንደር ላካዜት በ2022 ውሉን ጨርሶ በነፃ ወደ ሊዮን ሲመለስ በተመሳሳይ ቀን ውሉ የሚያልቀው ኤዲ ንኬቲያ ፈረመ። በፌብሯሪ 2023 ጋብሪኤል ማርቲኔሊ፣ ሜይ 23 ደግሞ ሳካ እስከ 2027 የሚቆይ ውል ተፈራረሙ። የሳካ የቀድሞ ውል አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ይቀረው ስለነበር ክለቡ አደጋው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልዩነቱ ልጁ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በክለቡ አካዳሚ ያደገ መሆኑና ቡድኑ በዚያ ዓመት ለዋንጫ እስከ መጨረሻው መፎካከሩ ነው። የለበሰው ሳንቼዝ ትቶት የሄደውን 7 ቁጥር ነው።

የ14 ቁጥሩ ማሊያም የራሱ ታሪክ አለው። ከሄንሪ ወደ ዋልኮት፣ ከዋልኮት ወደ ኦባሚያንግ፣ ከኦባሚያንግ ወደ ንኬቲያ ተላለፈ፤ አራቱም በየጊዜያቸው ደጋፊውን በውል ድርድር ያስጨነቁ ናቸው። ንኬቲያ በ2024 ወደ ክሪስታል ፓላስ ተሸጠ። ከ2025 ክረምት ጀምሮ ማሊያውን የለበሰው ከስፖርቲንግ የመጣው ስዊድናዊው ቪክቶር ዮኬሬሽ ነው፤ ሲፈርም 27 ዓመቱ ነበር።