ጥላ ቻይ ዛፍ ማለት ምንድን ነው? በጥድና በዝግባ ስናየው

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ግቢዬ ውስጥ አገር በቀል ዛፍ ልተክል ነው፣ ጥድ ይሻለኛል ወይስ ዝግባ?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል ወይስ ጥላ አለው? ሰው ስለ አፈሩ ያስባል፣ ስለ ውሃው ያስባል፣ ስለ ብርሃን ግን እምብዛም አያስብም። ጥድና ዝግባን ደግሞ በጣም የሚለያያቸው እሱ ነው።

ጥላ ቻይ የሚባለው ዛፍ ችግኝ እያለ በሌሎች ዛፎች ሥር ትንሽ ብርሃን ብቻ እያገኘ ሳይሞት መቆየት የሚችል ነው። ይህን የማይችለው ብርሃን ወዳድ ይባላል። ልብ በሉ፣ ነገሩ በዋናነት የልጅነት ጉዳይ ነው። ካደገ በኋላማ ጥላ ቻዩ ዝግባም አናቱን ፀሐይ ላይ ማውጣት ይፈልጋል፣ ያወጣልም።

እንዴት ይችለዋል ካላችሁ፣ ነገሩ እንደ ደሞዝና እንደ ቤት ወጪ ነው። ቅጠል በብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ይህ ገቢው ነው። ተክሉ ግን ቀንም ሌሊትም ለመኖር ብቻ ከዚያ ምግብ ያወጣል። ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበት የብርሃን መጠን አለ፣ ብርሃኑ ከዚያ በታች ከሆነ ችግኙ ያጠራቀመውን እየበላ ይቀጭጭና ይሞታል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ መሬት ድረስ የሚወርደው ብርሃን ከላይ ካለው ከመቶ ጥቂቱ ነው፣ አንዳንድ ቦታ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ጥላ ቻይ ዛፍ በዚያች ገቢ የሚኖረው ወጪው ትንሽ ስለሆነ ነው። አይቸኩልም። ለዓመታት እዚያው ትንሽ ሆኖ ይቆይና አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማዩ ሲከፈት ያን ጊዜ ሽቅብ ይነሳል። ቡናም የዚሁ ወገን ነው፣ ከመጀመሪያው የጫካ ጥላ ሥር የኖረ ተክል ነውና።

ወደ ሁለቱ እንምጣ። ጥድ ስል የሐበሻውን ጥድ ነው እንጂ ለአጥር የሚተከለውን የፈረንጅ ጥድ አይደለም። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት እንዲህ ያሉ ባለ መርፌና ባለ ቅርፊት ቅጠል ዘመዳሞች ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጥድና ዝግባ። ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ዝናብም ብዙ በማይጥልበት ቦታ ይቆማል። አንድ ያረጀ የጥድ ደን ውስጥ ገብታችሁ መሬቱን ብታዩ ግን የጥድ ችግኝ ብዙ አታገኙም፤ የራሱ ጥላ ለልጁ አይመችም። ችግኙን የምታገኙት ዳር ዳር ላይ፣ የተከፈተ ቦታ ላይ፣ አንዳንዴም እሳት ባለፈበት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ ብርሃን ወዳድ ከሆነ ቶሎ ያድጋል ብለው መጠበቃቸው ነው። ባሕር ዛፍ ብርሃን ወዳድም ፈጣንም ነው፤ ጥድ ግን ብርሃኑን ሁሉ ቢሰጡትም የሚሄደው በራሱ እርምጃ ነው። ስለዚህ ሣርና አረም በቀላሉ ይቀድሙትና ይሸፍኑታል። ለጥድ ችግኝ ከማዳበሪያ ይልቅ ዙሪያውን ማረም ይጠቅመዋል።

ዝግባ ሌላ ነው። እርጥበት ያለው ጥልቅ አፈር ይወዳል፣ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር አካባቢ ይመቸዋል፣ ችግኙም እናቱ ሥር፣ በጥላው ውስጥ በቅሎ ይታያል። የዘሩ ሽፋን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል፤ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ፍሬውን ሳይጎዱ ሽፋኑን ሰንጠቅ አድርገው የሚዘሩት ለዚህ ነው። ገበሬ ማሳ መሐል ብቻውን የቆመ ግዙፍ ዝግባ አይቶ «ይኸው ሜዳ ላይ በቅሏል» የሚል ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ዛፍ ሜዳ ላይ አልበቀለም። ዙሪያው ጫካ በነበረበት ዘመን በቅሎ፣ ጫካው ተመንጥሮ እሱ ተርፎ ነው።

ይህ ሁሉ ተከላ ላይ ምን ያመጣል? ሐምሌ ላይ ሁሉም ችግኝ አንድ ይመስላል። ሰማዩ ደመና ነው፣ መሬቱ ርጥብ ነው፣ ከችግኝ ጣቢያ ዳስ ሥር የወጣው ዝግባ ገላጣ ኮረብታ ላይ ሲተከል እንኳ ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም ደመናው ራሱ ጥላ ሆኖለታል። ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥር ይመዘገባል። ከዚያ መስከረም ይጠባል፣ ጥቅምት ላይ ደመናው ይገፈፋል፣ ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ አፈሩም ይደርቃል። የደን ጥላ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ውርጭም ይከላከል ነበር፤ ዝግባው ሁለቱንም አጥቶ ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ቡናማ ይሆናል። በእኔ እምነት የችግኝ ቆጠራ መደረግ ያለበት ሐምሌ ላይ ሳይሆን የካቲት ላይ ነው።

ጥላ ቻይ ማለት ግን ጥላ ካላገኘ የማይኖር ማለት አይደለም። ዝግባ ርጥበቱ ካልተጓደለበትና በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ከተጠለለ ገላጣ ቦታም ያድጋል። ብልሃቱ፣ ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የችግኝ ጣቢያው ዳስ ቀስ በቀስ እየተነሳለት ፀሐዩን እንዲለምድ ማድረግ ነው። ከዚያም ከአሮጌ ዛፍ ወይም ከቁጥቋጦ ጎን መትከል፣ ሥሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ። ቁጥቋጦውን «ቆሻሻ ነው» ብሎ መመንጠር ሞግዚቱን ማባረር ነው።

ሰፋ ባለ መሬት ላይ ደግሞ የሙነሳ ሻሸመኔ ደን ጥሩ ማሳያ ነው። እዚያ ለጣውላ ብለው በተከሏቸው የውጭ ዛፎች፣ ፓይንና ባሕር ዛፍን ጨምሮ፣ ሥር ማንም ያልተከላቸው አገር በቀል ዛፎች በቅለው ተገኝተዋል። በአቅራቢያው የተፈጥሮ ደን አለ፣ ወፎችና እንስሳት ዘሩን ያመጣሉ፣ የተተከለው ዛፍ ጥላ ይሰጣል። ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ብቻ የሚያዩ ሰዎች ይህን ባይወዱትም፣ ሥሩ አገር በቀል ችግኝ እንዲያድግ ከፈለጋችሁ ማድረግ ያለባችሁ በአንድ ጊዜ ጠርጎ መቁረጥ ሳይሆን ከመሐል ከመሐል እየቆረጡ ማሳሳት ነው፤ ያኔ ሥር ያለው ዝግባ ብርሃን እየጨመረለት ይሄዳል።

እና ግቢያችሁ? ደረቅ፣ ድንጋያማና ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ጥድ ትከሉ፣ አረሙን አንሱለት። የፎቅ ወይም የአሮጌ ዛፍ ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማያጣ ከሆነ ዝግባ። ሁለቱም ግዙፍ ስለሚሆኑ ከቤቱ መሠረት ራቅ አድርጉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም በአብዛኛው ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፣ ስለዚህ ዘር የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ብቻ ተክላችሁ አትጠብቁ።