ሳያሳብቁ መናገር፦ ስለ ትምህርት ቤት ጉልቤ የሚያወሩ የልጆች ልብ ወለዶች

የእኔ ጉልቤ የክፍላችን አለቃ ነበር። አራተኛ ክፍል፣ መሀል አዲስ አበባ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን የምንቀመጥበት ትምህርት ቤት። ልጁ ዱላ አልነበረውም፤ ጠመኔ ነበረው። መምህሩ ወጣ ሲሉ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል። ዝም ብለህ ብትቀመጥም ስምህ ይሰፍራል። ዳቦህን ከሰጠኸው ይጠፋል። ከከለከልከው አጠገቡ ኤክስ ይጨምርልሃል፤ መምህሩ ሲመለሱ በኤክሱ ቁጥር ትገረፋለህ። ለማንም አልተናገርኩም። ለመምህር ብናገር «አሳባቂ» እባላለሁ። ቤት ብናገር መልሱን አውቀዋለሁ፦ «ተመትተህ ከመጣህ እኔ እደግምሃለሁ!»

ያኔ እጄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ የምቆጭበት የመጽሐፍ ዓይነት አለ። ከ8 እስከ 13 ዓመት ገደማ ላሉ ልጆች የሚጻፍ፣ በምዕራፍ የተከፋፈለ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚደርስ ማሸማቀቅ የሚተርክ ልብ ወለድ። በእንግሊዝኛ መደርደሪያ ሙሉ አለ። በአማርኛ ግን ፈልጎ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስሙ ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ነገር ስም ሞልቷል። «ሙድ ያዙብኝ» ይላል አንዱ። ሌላው «ፎገሩኝ»፣ «አበሸቁኝ» ይላል። የግል ትምህርት ቤት ልጆች በቀጥታ «ቡሊ አደረጉኝ» ይላሉ። ደብዳቤና ሪፖርት ላይ ደግሞ «በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጥቃት» ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ሙድ ያዙብኝ» ሲል ትልቁ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል፤ «ጥቃት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደግሞ ደም ይጠብቃል። በመካከል ያለው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያመው ነገር ሰሚ ያጣል።

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲያጠና ሦስት መለያ አስቀምጧል። ድርጊቱ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ይደጋገማል። በአድራጊውና በተደራጊው መካከል የጉልበት ልዩነት አለ። ጉልበት ሲባል ታዲያ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ብዙ ጓደኛ ማፍራትም፣ ሀብትም፣ ጥሩ ምላስም ጉልበት ነው። ጠመኔም ጉልበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 32 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ማለትም ከሦስት አንዱ ገደማ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቻቸው እንዲህ ተደርገዋል። ነገሩ የኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ከየት ተነሣ?

የትምህርት ቤት ጉልቤ በልብ ወለድ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። ቶማስ ሂዩዝ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው የአዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ፍላሽማን የሚባል ጨካኝ ተማሪ አለ። የዚያ ዘመን መፍትሔ ቀላል ነበር፦ ጠንክር፣ ተባበር፣ ምታው። ብዙ የአዲስ አበባ አባቶች ዛሬም ከዚህ ምዕራፍ አልወጡም።

የአጻጻፉን አቅጣጫ የቀየረው ብዬ እኔ የምይዘው አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኤስተስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣችውን ትንሽ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ በአማርኛ «መቶዎቹ ቀሚሶች» ቢባል ያስኬዳል። ዋንዳ የምትባል የፖላንድ ስደተኞች ልጅ በየቀኑ ያንኑ የነጣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች። ቤት መቶ ቀሚስ አለኝ ትላለች። ፔጊ የምትባል የክፍሉ ቁንጮ በየጠዋቱ እየጠበቀች «ስንት ቀሚስ አለሽ?» ትላታለች። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፤ በትሕትና የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ብቻ። የዋንዳ አባት በመጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል። እዚያ በስማችን የሚስቅ አይኖርም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ይጽፋል። መቶዎቹ ቀሚሶች ለካ ዋንዳ የሣለቻቸው ሥዕሎች ናቸው።

የመጽሐፉ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ታሪኩን የምናየው በዋንዳ ዓይን አይደለም፣ በፔጊም አይደለም። ማዲ በምትባል የፔጊ ጓደኛ ዓይን ነው። ማዲ ራሷ ድሃ ናት፤ የምትለብሰው የፔጊን አሮጌ ልብስ ነው። አጠገባቸው ቆማ ዝም ትላለች። ለምን? አፏን ከከፈተች ቀጣይዋ እሷ እንደምትሆን ታውቃለች።

ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ ማዲን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ዩኒፎርም አለ፤ ቀሚሱ ይመሳሰላል። ጫማው ግን አይመሳሰልም። ቦርሳውም አይመሳሰልም። ከሁሉም በላይ ምሳ ዕቃው። የምሳ ሰዓት ክዳኑ ሲነሣ የማን ቤት ምን እንደበላ ክፍሉ ሁሉ ያያል። በየቀኑ ሽሮ የሚያመጣ ልጅ ክዳኑን በግማሽ ከፍቶ፣ በክንዱ ከልሎ ይበላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በስፋት ሲጀመር ሁሉም ያወራው ስለ ረሃብ ነበር፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ያንን የሚሸፍን ክንድም አሳርፏል ባይ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የታወቀው የአር. ጄ. ፓላሲዮ «ወንደር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2017 ፊልም ሆኗል። ፊቱ ከሌሎች የተለየ ሆኖ የተወለደ ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ይገባል። ትረካው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፦ እሱ፣ እህቱ፣ ጓደኛው። የኛ ልጆች አብዛኞቹ መጽሐፉን ሳይሆን ፊልሙን ነው የሚያውቁት።

አጫፋሪውና ዳር የቆመው

ክርስቲና ሳልሚቫሊ የምትባል የፊንላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች በሚናቸው ለይተው አሳዩ። ጉልቤውና ተጠቂው ብቻ አይደሉም። አብሮ የሚይዝ አለ። እየሳቀ የሚያሟሙቅ አለ፤ አማርኛ ለዚህኛው «አጫፋሪ» የሚል ልክክ ያለ ቃል አለው። አላየሁም ብሎ ዘወር የሚል አለ። የሚከላከልም አለ፣ በቁጥር ግን ጥቂት ነው። ፊንላንድ ውስጥ ከዚህ ተነሥቶ የተቀረጸው ፕሮግራም ትኩረቱን ያደረገው ጉልቤው ላይ ሳይሆን ተመልካቹ ላይ ነው። ሳቁ ከቀረበት ጉልቤው ተመልካች ያጣል።

ጥሩ የልጆች ልብ ወለድ ይህንን ሥራ ያለ ስብከት ይሠራል። አንባቢው ተጠቂውን እወዳለሁ ብሎ ይጀምርና ምዕራፍ አራት ላይ ራሱን አጫፋሪው ውስጥ ያገኘዋል። ምክር ይህን አያደርግም። «ጓደኛህን አታሸማቅቅ» ሲባል ሁሉም ልጅ «እሺ» ይላል፤ ማሸማቀቅ የሌላ ሰው ሥራ ስለሚመስለው።

ደካማውን መለየትም አይከብድም። በመጨረሻው ገጽ ጉልቤው አልቅሶ ይቅርታ ከጠየቀ ጠርጥሩ። ተጠቂው በሒሳብ አንደኛ ወጥቶ ሁሉም ካጨበጨበለት የበለጠ ጠርጥሩ፤ እንዲህ ከሆነ አንደኛ ያልወጣው ልጅ ይገባዋል ማለት ነው? አካል ጉዳተኛ ልጅን ለሌሎች ማስተማሪያ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብም አለ። ስለ ጉልቤው ቤት የሚያሳይ ምዕራፍ ግን እወዳለሁ። አባቱ በቀበቶ የሚገርፈው ልጅ ክፍል ውስጥ ጡጫ ሲሰነዝር ከየት እንዳመጣው አንባቢው ይረዳል። ይህ መረዳት ነው፣ ምሕረት አይደለም፤ ጎበዝ ጸሐፊ ሁለቱን አያምታታም።

መምህራንም አሉ። በታሪኩ ውስጥ የማይረባ ትልቅ ሰው መኖሩ አንዳንድ ወላጆችን ያስከፋል። እውነት ነው ግን። ለተማሪ ቅጽል ስም የሚያወጣ መምህር ያላጋጠመው ማነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የእኔ የክፍል አለቃ ኤክስ ዋጋ የነበረው መጨረሻው አርጩሜ ስለነበር ነው።

ተረቱ አለን፣ ልብ ወለዱስ?

እኛ ከባዶ አልተነሣንም። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ የመለሰ ልጅ ሁሉ ጉልበተኛን በብልሃት ስላሸነፈች ጦጣ ሰምቷል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በቴሌቪዥን ለበርካታ ዓመታት ተረት ሲነግሩ ያደገ ትውልድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ ለታዳጊዎቹ ታናናሾች በአሻንጉሊት ቀጭኔ ብዙ ነገር አስተምሯል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ ከመሀል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎም ቢሆን፣ ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር።

ተረት ግን አንድ ነገር አያደርግም። ጦጣዋ አንበሳውን ጉድጓድ ውስጥ ከጨመረችው አበቃ፤ «አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። የክፍል ጉልቤ ግን ሰኞም ይመጣል። ማክሰኞም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለዚህ ማክሰኞ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ለገሃር አካባቢ መሬት ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ቆምኩ። «ስለ ትምህርት ቤት ጉልቤ የሚያወራ የልጆች ልብ ወለድ አለህ?» አልኩት።

«ለስንተኛ ክፍል?»

«ለአራተኛ።»

የአራተኛ ክፍል ሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ሰጠኝ። አይደለም ስለው የተረት ስብስብ አወጣ። አይደለም ስለው ከካርቶን ሥር ሽፋኑ የተጠቀለለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጎተተ። የውስጥ ሽፋኑ ላይ የአንድ አሜሪካ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለ፤ ከሥሩ አንድ ልጅ በእርሳስ ስሙን ጽፏል። «ይሄ ይሆናል፤ ልጅ ሲያለቅስ አለበት» አለኝ የሽፋኑን ሥዕል እያሳየ። ገዛሁት። ገምጋሚ ብሆን እንደሱ አላጠቃልለውም ነበር።

መሀል ከተማ ውስጥ ከዚህ ሌላ መሄጃ አለ። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው፤ ቅዳሜ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲገባ ማየት ደስ ይላል። በየካፌው እየዞሩ መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚሸጡ አዟሪዎችም አሉ፤ ግን የሚይዙት በአብዛኛው የአዋቂ ነው።

የሚገርመው ታሪኩ ደጃፋችን ላይ መውደቁ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ልጅ ከሰፈሩ ተነሥቶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገባ? እያንዳንዱ በዓመቱ መሀል አዲስ ክፍል በር ላይ ቆሟል። መምህሯ «አዲስ ተማሪ ነው፣ ቦታ ስጡት» ይላሉ። ማንም አይጠጋም። የዚህ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይኸው ተጽፎ አለቀ፤ ቀሪውን የሚጽፍ ነው የጠፋው።

እንዴት ይነበባል?

ከልምድ የምለው አንድ ነው፦ መጽሐፉን «ይሄ ላንተ ነው» ብለህ አትስጥ። ልጁ ተነቃብኝ ይላል። አብረህ አንብብ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ትተኸው ሂድ። ሚኒ ሚዲያ ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ በረፍት ሰዓት በየቀኑ አንድ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ማጉያ ቢነበብ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ማንም ተለይቶ አይታይም። ስለ ገጸ ባሕሪው ጠይቅ እንጂ ስለ ልጁ አትጠይቅ። ልጁ ስለ ገጸ ባሕሪው እያወራ ስለ ራሱ ይነግርሃል፣ ያውም ሳያሳብቅ። ልጁ መመታቱን፣ መዘረፉን ወይም ትምህርት ቤት መሄድ መፍራቱን ከነገረህ ግን መጽሐፉን አስቀምጠህ ተነሥ፤ ዩኒት ሊደሩ ጋ ነው የሚኬደው።

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ያቺን የቀሚሶቹን ታሪክ በሦስት ምሽት አነበብኩላት፤ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ። ፔጊ ስትጠይቅ፣ ማዲ ዝም ስትል የሚለው ቦታ ስንደርስ አስቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ማዲ ግን ስቃለች?»

«አልሳቀችም። ዝም ነው ያለችው።»

ብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች።

«እኔ ስቄያለሁ» አለች።

ማን ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ገጹን አጥፌ መብራቱን አጠፋሁ። የቀረውን በማግስቱ ጨረስነው፤ የልጅቷን ስም የነገረችኝ ያኔ ነው።