ጥርት ባለው የተራራ ሐይቅ ውስጥ ያሉ ቫይረሶች

ከኮቪድ ወዲህ «ቫይረስ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በሽታ ነው። ስለ ተራራ ሐይቅ ሲወራም የሚነሱት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ፍርሃት የሚመጡ ናቸው።

«ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ቫይረስ የለውም»

አለው፤ ያውም በብዛት። ጎሰንኮሌዜ የሚባለው ትንሽ ሐይቅ በኦስትሪያ ቲሮል፣ 2,417 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በበረዶ ተሸፍኖ ነው የሚያሳልፈው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃው ውስጥ ያለው ቫይረስ በሚሊዮን ይቆጠራል። በተራ ማይክሮስኮፕ ስለማይታዩ ለረጅም ጊዜ ልብ ያላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኖርዌይ ተመራማሪዎች የባሕርና የሐይቅ ውሃን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 250 ሚሊዮን ቆጠሩ።

«ቫይረስ ካለበት ያሳምማል»

አብዛኞቹ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ፣ ባክቴሪዮፋጅ የሚባሉ ናቸው። የሰው ሕዋስ ውስጥ መግባት አይችሉም። እንዲህ ሲባል ግን የተራራ ውሃ ሳይፈላ ይጠጣ ማለት አይደለም። የከብትና የዱር እንስሳት እዳሪ የሚያመጣው ጃርዲያ እዚያም አለ።

«መግደል እንጂ ጥቅም የላቸውም»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ፋጁ (ባክቴሪዮፋጁ ማለት ነው) ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ዘረመሉን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ የባክቴሪያውን ሕዋስ የራሱ ማባዣ ያደርገዋል። በመጨረሻ ሕዋሱ ይፈነዳል። አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። አብሯቸውም የሕዋሱ ሆድ ዕቃ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይፈስሳል፦ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ። የተራራ ሐይቅ ደግሞ ድሃ ነው፤ በተለይ ፎስፈረስ በጣም ያጥረዋል። የፈሰሰውን ሌሎች ባክቴሪያዎችና አልጌዎች ወዲያው ይሻሙበታል። በተቃራኒው ባክቴሪያው በጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ቢበላ ኖሮ፣ ከምግቡ የተወሰነው ወደ ትልልቆቹ እንስሳት ይሄድ ነበር።

ሌላም አለ። ቫይረስ በብዛት የሚያገኘው በብዛት ያለውን ዝርያ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ሐይቁን ልቆጣጠር ሲል መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ለደካሞቹም ቦታ ይገኛል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በእነዚያ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት እንዳይዋጡ ብለው እንደ ክር ይረዝማሉ። ለቫይረስ ግን ርዝመታቸው አያግደውም።

«የተራራው ፀሐይ ይጨርሳቸዋል»

በከፍታ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ ብዙዎቹ ይጎዳሉ፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን በየጊዜው አዲስ ይመረታል። የተጎዳውን የቫይረስ ዘረመል እንኳ አንዳንዴ ባክቴሪያው ራሱ ይጠግነዋል።

«እዚያው ተፈጥረው እዚያው ይቀራሉ»

ከሰማይም ይወርዳሉ። በስፔን ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ260 ሚሊዮን እስከ 7 ቢሊዮን በላይ ቫይረስ እንደሚያርፍ አሳይቷል። ከባሕር የሚነሳ ርጭትና የሰሃራ አቧራ ይዟቸው ይመጣል። ከባክቴሪያ ይልቅ በጣም ደቃቅ ብናኝ ላይ ስለሚለጠፉ አየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይንሳፈፋሉ፤ ርቀውም ይሄዳሉ።