«ላፕቶፑ አርጅቷል» ከማለት በፊት፦ ስለ ራም እና ስለ ኤስኤስዲ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ የቀሯት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ማሽኑ አክስቷ ከዱባይ ስትመለስ ያመጣችላት ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ ነው። «ጋሼ፣ አርጅቷል፣ ምንም አይደረግለትም፣ ሌላ ግዢ አሉኝ» አለችኝ። አብርተን በስልኬ ሰዓት ያዝን፤ ዊንዶውስ ተነሥቶ ዎርድ እስኪከፈት ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀ። በማግስቱ የታችኛውን ክዳን ፈትተን ዊንዶውሱና ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ሃርድ ዲስክ አወጣንና በቦታው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ አስገባን። ያው ማሽን፣ ያው ፕሮሰሰር፣ ያው 8 ጊጋባይት ራም (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ነው፤ አሁን ግን ዎርድ ተከፍቶ ለጽሑፍ ሲዘጋጅ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።

ልጅቷ ለአዲስ ላፕቶፕ ገንዘብ ልትበደር ተዘጋጅታ ነበር። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ሰው ሊያወጣው የማይገባውን ብር የሚያወጣው፣ ወይም በራሱ እጅ ሊሠራው የሚችለውን ነገር የሚፈራው፣ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፉ ጥቂት የተሳሳቱ አባባሎች ምክንያት ነው።

«ቀርፋፋ የሆነው ስላረጀ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ የሚያስጠብቀው ሃርድ ዲስኩ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን እና በላዩ ወዲያና ወዲህ የሚል ክንድ አለ። አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ ብዙም አያሳፍርም፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን። ክንዱ ለእያንዳንዱ መንቀሳቀስ፣ ሳህኑም ዞሮ መድረስ አለበት። በዚህ ዓይነት ሥራ በሰከንድ መቶ ያህል ንባብ እንኳ አይሞላም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በዚያው አንድ ሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንባቦችን ያከናውናል። በአዲሱና በአሮጌው መካከል ያለው ልዩነት ዓይን ያወጣ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ማሽኑን ራሱን ይጠይቁት። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የዘወትር ሥራዎን እየሠሩ ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ላይ ተቸክሎ ራሙ ግን ገና ቦታ ካለው፣ የሚያስፈልግዎ ኤስኤስዲ ነው። ራሙ 90 በመቶ አልፎ ከቀረ፣ ራም ነው። ሁለቱም ሞልተው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ማሽኑ ያለው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ያለማመንታት በኤስኤስዲው ይጀምሩ።

«ሚሞሪ ያው ሚሞሪ ነው»

ይህ ስሕተት ከቋንቋችን የመጣ ይመስለኛል። ለስልክ ካርዱም «ሚሞሪ» እንላለን፣ ለፍላሹም፣ ለራሙም። አንድ ሰው «ፋይል አልይዝ ስላለኝ ሚሞሪ ልጨምር» ብሎ ራም ገዝቶ ይመለሳል፤ ቦታው ያው እንደሞላ ነው። ባለ ሱቅን ያስቡ፤ ዲስኩ ዕቃው የሚከማችበት መጋዘን ነው፣ ራሙ ደግሞ ዕቃ አውጥቶ የሚያስተናግድበት ባንኮኒ። መጋዘኑ ሌሊት ሱቁ ሲዘጋም ዕቃውን ይዞ ያድራል፤ ባንኮኒው ማታ ማታ ይጠረጋል። ባንኮኒው ሲጠብ ባለ ሱቁ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ወደ መጋዘን መመላለስ አለበት፤ ላፕቶፑም ራም ሲጠበው ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ስለዚህ ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ «ሚሞሪ» አይበሉ፤ «ራም» ወይም «ኤስኤስዲ» ብለው በስሙ ይጥሩት።

«ራም በበዛ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል»

ባንኮኒው ከበቃ በኋላ ማስፋቱ ምንም አይጨምርም። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት መሄድ ትልቅ እፎይታ ነው። ከ8 ወደ 16 የሚጠቅመው በርካታ ድረ ገጾችን ከፍቶ ለሚሠራ፣ በአውቶካድ ለሚስል፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። ከ16 ወደ 32 መጨመር ለዎርድና ለኤክሴል ምንም ለውጥ አያመጣም። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስላሻቀበ፣ የማያስፈልግን ራም መግዛት ከመቼውም ይበልጥ ያስቆጫል።

አንድ ነገር ግን ይፈትሹ። ብዙ ያገለገሉ ማሽኖች ላይ 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖ አገኛለሁ። እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም። 8 አስገብተው «ጥቅም ላይ የሚውለው 3 ጊጋባይት ገደማ» የሚል ቢያዩ፣ ራሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ 64 ቢቱን መጫን ያስፈልጋል።

«የላፕቶፕ ራም እስከሆነ ድረስ ይገባል»

ሰው ገንዘቡን ከሁሉ በላይ የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የላፕቶፕ ራም ሁሉ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰሌዳ፣ በአንድ ጠርዙ ወርቃማ ጥርሶች። ግን ዲዲአር በሚል ስም የሚጠሩ የተለያዩ ትውልዶች አሉት፤ ዲዲአር3 204 ጥርስ አለው፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262። በጥርሶቹ መካከል ያለችው ስንጥቅም በየትውልዱ ቦታዋ ይለያያል፤ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አልገባ ካለ መግፋት አያስፈልግም፤ ትውልዱ አይደለም ማለት ነው።

ስንጥቋ የማታድነው ወጥመድ ግን አለ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ቮልት ይሠራል። ከ4ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያሏቸው ላፕቶፖች ራማቸው ዲዲአር3 ከሆነ የሚፈልጉት ዝቅተኛውን ቮልት ነው። ባለ 1.5ቱን ቢያስገቡ በምቾት ይቀመጣል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። ልዩነቱ የሚታወቀው በተለጣፊው ወረቀት ላይ በተጻፈች አንዲት ፊደል ነው። «ፒሲ3» ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» መኖሯን አጉልተው ያንብቡ።

ከዚህም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ማሽኑ ራም የሚጨመርበት ቦታ አለው ወይ? ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ክፍት ማስገቢያዎች አሉት። ታናሹ ቲ490 አንዱ ራም ዋናው ቦርድ (ማዘርቦርዱ) ላይ ተበይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ ቀርቶታል። ኤክስ1 ካርበን ሁሉም የተበየደ ነው። ማክቡክ ኤር እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ራሙ ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ኤም1 የተባለው የአፕል ፕሮሰሰር እና ተከታዮቹ ባሏቸው ላይ ራሙ ጭራሽ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ታሽጓል። እነዚህን ሲገዙ ዕድሜ ልካቸውን የሚበቃቸውን ራም በመጀመሪያው ቀን መምረጥ ግድ ነው። አምራቾች ይህን ማድረጋቸው ያናድደኛል። ላፕቶፕ በየሁለት ዓመቱ በማይቀየርበት አገር አንዲት ማስገቢያ ብዙ ነገር ናት።

ስለዚህ ከማሽኑ ጀርባ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ በዚያ ቁጥር የአምራቹን የጥገና መመሪያ ያውርዱ። የራሙን ዓይነት፣ የማስገቢያውን ብዛት፣ የትኛው ብሎን የት እንዳለ ሳይቀር በሥዕል ያሳያል። ተጨማሪ ራም ሲገዙ ደግሞ አሮጌውን ራም አውልቀው ይዘው ይሂዱ። ሻጩ እያየ ማመሳከር ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

«ሁለቱ ራሞች አንድ ብራንድ ካልሆኑ አይሠሩም»

ይሠራሉ። ትውልዳቸውና ቮልታቸው ከተስማማ የተለያየ ብራንድ፣ የተለያየ መጠን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ይሄዳሉ። 8 እና 8 ከ8 እና 4 ይሻላል፤ ነገር ግን ያለውን 4 አውጥቶ መጣል አስፈላጊ አይደለም።

«ኤም.2 ከሆነ ኤንቪኤምኢ ነው»

ኤም.2 የቅርጽ ስም ነው፤ ማስቲካ የምታህለዋ ቀጭን ሰሌዳ። በውስጧ የምትናገረው ቋንቋ ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። የሳታ ፍጥነት በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ኤንቪኤምኢ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ሳታን ብቻ የሚያውቅ ማስገቢያ ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰኩ ማሽኑ ጨርሶ አያየውም። ርዝመቱንም ይለኩ፤ 2280 ማለት ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ኤም.2 የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት አይዘኑ። ባለ 2.5 ኢንቹ የሳታ ኤስኤስዲ የሃርድ ዲስኩን ቦታ ይይዛል፣ ከሃርድ ዲስክ የሚለይበት ፍጥነትም ለዕለት ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

«ክዳኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ዋስትናም ያሳጣል»

ስለ ዋስትናው፦ አሜሪካ ለምትኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ አምራቹ «የእኔን ዕቃ ብቻ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይፈርሳል» እንዳይል ይከለክለዋል። ራስዎ ያደረሱትን ጉዳት ግን አይሸፍንም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሱቅ ገዝተው ሻጩ ብሎኑ ላይ ተለጣፊ ካደረገበት ግን፣ የሰጠዎት ጊዜ እስኪያልፍ ይጠብቁ ወይም እዚያው ያስገቡት።

ሥራውን በተመለከተ፣ የሚያስፈልገው ከማሽኑ ብሎን ጋር የሚገጥም ትንሽ ካቻቪቴ፣ ሰፊ ጠረጴዛና ትዕግሥት ነው። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። በውስጥ የተገጠመ ከሆነ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚነቀለው የባትሪው ገመድ ነው። በብዙ ቲንክፓዶች ላይ ከመክፈት በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ የውስጥ ባትሪውን ማቦዘን ይቻላል፤ ቻርጀር ሲሰካ ተመልሶ ይነቃል። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ።

የላፕቶፑን ቅርጽ በወረቀት ላይ ይሳሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ካቻቪቴው ብሎኑ ውስጥ ከተንሸራተተ ወዲያው ያቁሙና ልክ የሆነውን ይፈልጉ። ጭንቅላቱ አንዴ ከተበላ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል፤ እኔ አንድ ቅዳሜን እንዲህ አሳልፌያለሁ። ሰውነታችን የሚይዘው የማይታይ ኤሌክትሪክ ራምን ሊጎዳ ስለሚችል ከመንካትዎ በፊት ብረት ነገር ይንኩ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አይሥሩ።

ራሙን ለማውጣት በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው፣ ሰሌዳው ራሱ ብድግ ይላል። አዲሱን እንደዚያው ዘንበል አድርገው፣ ወርቃማዎቹ ጥርሶች ሊጠፉ እስኪቃረቡ ድረስ ይግፉት፤ ከዚያ ወደ ታች ይጫኑት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ በሁለቱም በኩል መሰማት አለበት። አዲስ ራም ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ አንድ ደቂቃ ያህል ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ራሙን እየለካው ስለሆነ ይጠብቁት። ከዚያም በኋላ ካልተነሣ፣ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል በደንብ ስላልገባ ነውና አውጥተው እንደገና ያስገቡት።

«ዲስክ ሲቀየር ፋይሉም ዊንዶውሱም ይጠፋል»

አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል። ለዚህ ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድና የመገልበጫ ፕሮግራም ይበቃል። በንጽሕና እንደ አዲስ መጫን የሚመርጥ ሰውም ቢሆን፣ የዊንዶውስ 10 እና 11 ዲጂታል ፈቃድ በዋናነት የተሳሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ ወይም ራም መቀየር አያሳጣውም። መዘንጋት የሌለበት ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር አስቀድመው በወረቀት ይጻፉት። ያለዚያ ቁጥር ፋይሉን ማንም ሊያወጣልዎ አይችልም።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል»

ሳምሰንግ ለ500 ጊጋባይቱ 870 ኢቮ 300 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና ይሰጣል። በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት ያ 41 ዓመት ይወስዳል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ያንኳኳል፣ ያጓራል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ ሳያሰማ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ጽሕፈቱ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ይህ ለሁለቱም ዓይነት ዲስክ ክፉ ነው። የሥራዎ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑር።

«እነዚህ ሁለቱ ከተቀየሩ ማንኛውም ላፕቶፕ አዲስ ይሆናል»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ነው፤ ራም ቢጨመርም፣ ኤስኤስዲ ቢገባም ይህ አይለወጥም። ከዚያ በፊት ላሉት በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ጥሩ መጠለያ ነው።

«2 ቴራባይት በዚህ ዋጋ ካገኘሁ ምን እፈልጋለሁ»

መጠኑን የሚዋሽ ዕቃ አለ። ዊንዶውስ «2 ቴራባይት» ብሎ ያሳየዎታል፤ ውስጡ ያለው ግን ትንሽ ካርድ ነው፣ ከሞላ በኋላ የሚገለበጥበት ሁሉ ይጠፋል። በተለይ በጣም ርካሽ በሆኑት የውጭ ኤስኤስዲዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ኤችቱቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ዲስኩ ባዶ እያለ፣ ገንዘቡም ሊመለስ በሚችልበት ቀን ያድርጉት።

የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወዲያው አይሽጡት፤ የተሰረዘ የሚመስል ፋይል እንኳ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የዩኤስቢ ቤት ገዝተው ቢያለብሱት ለቅጂ ማስቀመጫ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ያንን ሃርድ ዲስክ እኔ ዘንድ ትታዋለች። እሑድ እሑድ እየመጣች የሳምንቱን ምዕራፍ ትገለብጥበት ነበር።