«ደም የሚያረጋው መርፌ» እና ሌሎች ከኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የምሰማቸው

የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ባለ ቀን ጠዋት፣ ደም መፍሰስ ስለሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ለቤተሰብ የማስረዳው እኔ ነኝ። ስሙን ሳልጨርስ አንዱ «እ፣ ያ ደም የሚያረጋው?» ይለኛል። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚች ላይ ነው።

አያረጋም። ስንቆረጥ ደሙን የሚያረጋውና ቁስሉን የሚደፍነው ሰውነታችን ራሱ ነው። ድፍኑን አስሮ የሚይዘው ፋይብሪን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ነው። ይህን ክር የሚበጣጥስ መቀስም አለን፤ ፕላስሚን ይባላል። በደህና ጊዜ ጠቃሚ ነው፣ ደም ሥር ተደፍኖ እንዳይቀር ያደርጋል። በትልቅ ኦፕራሲዮን ጊዜ ግን ይቸኩላል። ገና የተደፈነውን ይፈታዋል። መድኃኒታችን መቀሱ ክሩን እንዳያገኘው ያግዳል፤ ሥራው ይኸው ነው።

አከርካሪ ላይ ጉዳዩ የሚብሰው አጥንት ስለሆነ ነው። ደም ሥር ቢቆረጥ ይቋጠራል፣ በኤሌክትሪክ ይተኮሳል። ብሎን ሊገባበት የተበሳ አጥንት ግን እንደ ስፖንጅ ከየቀዳዳው ያነባል። ምኑን ትቋጥረዋለህ? የተጣመመ ጀርባ ሲቃና ደግሞ ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። ጠብ ጠብ ያለው ተጠራቅሞ የመምጠጫውን ጠርሙስ ይሞላል።

አንድ አባት የ14 ዓመት ልጃቸው ጀርባ ሊቃና ሲል አልፈርምም አሉ። «ደሟ ረግቶ ስትሮክ ቢመታትስ?» ጎረቤት ነው የነገራቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ፣ ክሩ ይህ ነው፣ መቀሱ ይህ ነው እያልኩ በጣቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና ፈረሙ።

ፍርሃታቸው ግን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ መድኃኒት የፈተነው ፖይዝ 3 የተባለ ጥናት ውጤት ወጥቷል፤ ልብ ላይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 9,535 ሰዎች ነበሩበት። ከባድ ደም መፍሰስ ከ11.7 ወደ 9.1 በመቶ ወረደ። የልብና የደም ሥር ችግር መድኃኒቱን ባገኙት 14.2፣ ባላገኙት 13.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ምንም አደጋ የለውም ብሎ ለመማል አያበቃም። ስለዚህ እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ላለበት ሰው አንሰጥም። የሚጥል በሽታ ካለ እንጠነቀቃለን። ኩላሊት ከደከመ መጠኑን እንቀንሳለን። አትደብቁን።

«ጀርባ ላይ ነው የሚወጋው» የሚሉም አሉ። በፍጹም! በእጅ ደም ሥር ነው። በስህተት የማደንዘዣው መርፌ በሚገባበት በአከርካሪ ውስጥ ከተወጋ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 አስጠንቅቋል። ይህና የማደንዘዣው መድኃኒት በሚመሳሰል አምፑል (ትንሽ የመርፌ ብልቃጥ) ሊመጡ ይችላሉ። ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጧቸው።

«ደሙ ሲበዛ ይሰጡታል።» ቆዳ ከመቆረጡ በፊት እንጀምራለን።

«ይኼ እኮ የወር አበባ መድኃኒት ነው!» አዎ፣ ያው ነው። ጃፓናዊቷ ሐኪም ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤቷ ጋር የደከመችለትም በወሊድ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓለም አሳወቁት።

«መድኃኒቱ ካለ ለጋሽ ምን ያደርጋል?» ይህች ደግሞ ቀጠሮ ታበላሻለች። መድኃኒቱ ደም የመውሰድን ዕድል በሲሶ ገደማ ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። አንድ ወንድም ይህን ሰምቶ ያመጣቸውን ሦስት ለጋሾች ምሳ ጋብዞ ሸኛቸው። የእህቱ ኦፕራሲዮን ተራዘመ።

ቀይ ሥር ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ። የፈሰሰውን ግን በአንድ ሌሊት አይተካም።

ከቀይ ሥሩ ይልቅ የምትውጡትን ንገሩኝ። ጀርባውን የሚያመው ሰው ዲክሎፌናክ እንደ ከረሜላ ነው የሚወስደው። ዲክሎፌናክም አስፕሪንም ድፍኑ ገና ሲሠራ ያደክሙታል፤ ያኔ መድኃኒታችን የሚጠብቀው ነገር ያንሰዋል። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቁሙ። ያላችሁን ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ። በቀደም አንዲት እናት «ኧረ ምንም አልወስድም» አሉኝ። ቦርሳቸውን ስንከፍት ግማሹ ያለቀ የዲክሎፌናክ ፍሬ ወጣ። «እሱማ ለወገቤ ነው፤ መድኃኒት መች ሆነ?» አሉኝ።